የፖሊሲ ጥናቶቻችን ከተጻፉ በኋላ የት ይገባሉ? ከድሬዳዋ የቀረበ የውይይት ርእስ

የከዚራው (ክሩን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቅድ ባለሙያነት አሥራ አንድ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከጥናት ቡድኖች ጋር በመረጃ ስብሰባ አስተባባሪነት እየሠራሁ ነው። በዚህም የተነሣ በሀገራችን የፖሊሲ ጥናት የሚባለውን ነገር ከጠረጴዛው ወዲህም ወዲያም ሆኜ ለማየት ችያለሁ። ይህንን ርእስ እንድከፍት ያደረገኝ ግን አንድ የብረት ካቢኔ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የጥናት ቡድን ስለ ከተማችን የውሃ ሥርጭት መጠይቅ ሊያዘጋጅ ሲነሣ፣ በዚሁ ጉዳይ ቀደም ሲል የተሠራ ጥናት እንዳለ ስለማውቅ (ቢጋሩን፣ ማለትም ጥናቱ ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ከጻፍነው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ) አስቀድመን እሱን እንመልከት ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ስሙን ወደማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤው በኃላፊው መመራት አለበት ተባልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ተመርቷል፣ ነገር ግን ባለሙያዋ መስክ ወጥታለች ተባልኩ። በአራተኛው ምልልሴ ያገኘኋት ባለሙያ ቅንና ትሑት ሰው ነበረች፤ ወደ ካቢኔው ወሰደችኝና ጥራዙን በመስታወቱ በኩል አሳየችኝ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በጀርባው ላይ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት፣ ከሌሎች ስድስት ሰባት ጥራዞች ጎን የቆመ ነው። ቁልፉን የያዘው ባልደረባ ግን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። ርክክብ ሲያደርግ ማኅተሙንና ኮምፒውተሩን አስረክቦ ቁልፉን ረስቶታል። ሶፍት ኮፒው የት አለ ብዬ ስጠይቅ፣ አማካሪው ላፕቶፕ ላይ ነበር የሚል መልስ አገኘሁ። ስለዚህ አዲስ መጠይቅ አዘጋጅተን፣ ታብሌት ይዘን፣ በሳቢያን፣ በገንደ ቆሬና በለገሃሬ ያን ጊዜ የተጠየቁትን ጥያቄዎች እንደገና ጠየቅን። ከመላሾቹ መካከል አንዲት እናት፣ «ይህን እኮ ነግሬያችሁ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ነገሩን የአንድ ቢሮ ጉድለት አድርጌ አላቀርበውም። የእኔ ጥርጣሬ ከዚህ ይሰፋል። በሀገራችን ጥናት የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ለመወሰን ሳይሆን ለተወሰነው ነገር አባሪ እንዲሆን ነው። ቢጋሩ ሲጻፍ መልሱ ውስጡ አለ፤ አማካሪው ያንን አውቆ ይገባል፤ በሆቴል አዳራሽ ማረጋገጫ ዐውደ ጥናት ይካሄዳል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አበል ይከፈላል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ጥራዙን የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ቁልፉ መጥፋቱን እንኳ የሚያስተውል የለም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። በተለይ ጥናታችሁ ተነብቦ አንድ ውሳኔ ሲለወጥ ያያችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደሆነ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

የለገሃሬ ተወላጅ (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ የከዚራው፣ ድሬ ተወልጄ ስላደግሁ አንቱታ አልወድም፤ በጽሑፍ ግን ልማዱን ልጠብቅና እርስዎ ልበል።

በጻፉት ነገር ብዙ እውነት አለ። ሆኖም «ለተወሰነው ነገር አባሪ» የሚለው ፍርድ ተቋማቱ ያለፉበትን መንገድ ያላገናዘበ ስለሆነ ትንሽ ላክልበት። በሀገራችን ከመንግሥት ውጭ ራሱን የቻለ የፖሊሲ ጥናት የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ደግሞ በ1998 ነው። በመድረኩ መሥራቾች ግንባር ቀደም የነበሩት ደሳለኝ ራህመቶ በመሬት ይዞታ ላይ፣ ማኅበሩም በምርምር ተቋሙ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያው ርእስ ያወጡት ሥራ፣ መንግሥት ሊሰማው የማይፈልገውን ጥያቄ በማስረጃ ያነሣ ነበር። ያንን ሥራ የአባሪ ሥራ ልንለው አንችልም።

ከዚያ የመጣው ግን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዓ.ም. ነው። በመብትና በመሳሰሉት ጉዳዮች የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደረግ፣ በሀገር ውስጥ ለጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ባለሀብት በሌለበት አገር ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ተመራማሪው ወይ ወደ አማካሪነት ሥራ ገባ፣ ወይ የውጭ ድርጅት ተቀጣሪ ሆነ፣ ወይ ደግሞ አደጋ የሌለውን ርእስ መረጠ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ በሩ ተከፍቷል፤ ነገር ግን በአሥር ዓመት ውስጥ የተበተነ ቡድን በሩ ስለተከፈተ ብቻ ተመልሶ አይሰበሰብም። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትና የፖሊሲ ጥናትና ምርምር ማእከል ተዋሕደው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ሁለቱ የተለያየ ባሕርይ ነበራቸው፤ አንዱ የኢኮኖሚክስ ሞዴል የሚሠራና ከዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ጋር ጽሑፍ የሚያሳትም፣ ሌላው ለፖለቲካ አመራሩ የቀረበ። ውሕደቱ ሰምሯል ወይስ አልሰመረም የሚለውን በውስጡ ለሠሩት ልተወው።

አንድ ነገር ግን እስማማለሁ። ጥያቄው ዘግይቶ ይመጣል። እኔ ራሴ «በሦስት ሳምንት አድርስልን» የተባልኩበት የተፅእኖ ግምገማ ነበር፤ ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ወር ሊመረቅ ቀን ተቆርጦለት ነበር።

ታይዋን ተራ

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ምሁር አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ዕቃ የሚያገላብጡኝ እኔን ስለሆነ ልናገር። በሱቄ በር ላይ ከአምስት ዓመት ወዲህ ቢያንስ ስምንት ጊዜ መጠይቅ ሞልቻለሁ። ስለ ባቡሩ ጠይቀውኛል፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጠይቀውኛል፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ስለተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና ጠይቀውኛል፣ ስለ ኮንትሮባንድ ደግሞ ሁሉም ይጠይቀኛል። በመጨረሻ «ጥናቱ ይህን አገኘ» ብሎ የተመለሰ አንድም ሰው የለም።

አሁን አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። ጠያቂው የሚመጣው ከቀበሌ ሰው ጋር ነው፤ ያለ እሱ እንዳይገባ ተብሏልና። የቀበሌው ሰው አጠገቤ ቆሞ ስልኩን እየነካካ ሳለ አንዲት ልጅ «ከሚሸጡት ዕቃ ውስጥ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስንት በመቶው ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንድላት ፈልገው ነው? ዜሮ አልኳት። ጎረቤቴም ዜሮ አላት። መንገዱን ሙሉ ዜሮ እየጻፈች ሄደች። ያ ጥናት ድሬዳዋ ውስጥ ኮንትሮባንድ የለም ብሎ ደምድሞ ከሆነ እኔ ተጠያቂ አይደለሁም። በተቃራኒው የሴፍቲኔት ምዝገባ በነበረ ጊዜ ያ ሁሉ ሰው አንድ ብር ገቢ የለኝም ይል ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት ቤት ያሳደረም አውቃለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ዕለትም እኛ እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው የሰማነው። በዚያ ሳምንት የአንድ ካርቶን ዋጋ በቀን ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ደብተሩ አሁንም አለ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

የለገሃሬ ተወላጅ

ያንን ደብተር እባክዎ እንዳይጥሉት። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም።

ሸዋ በር (ሐረር)

የከዚራውን ካቢኔ ሳነብ የታየኝ ሐረማያ ሐይቅ ነው። በዚህ አካባቢ ጥናት ጎድሎን አያውቅም፤ ችግራችን ሌላ እንደሆነ ማስረጃ የሚሆነው ሐይቁ ራሱ ነው።

ለማያውቁት ላስረዳ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሲመሠረት የተተከለው ሐይቁ አቅራቢያ ነው። በአፈር፣ በውሃ፣ በመስኖና በእርሻ ኢኮኖሚ ሊቃውንት ያፈራ፣ ዛሬም በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነ ተቋም ነው። እዚያው ደጃፉ ላይ ግን ለሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት የመጠጥ ውሃ ሲያቀብል የኖረው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ገበሬ ጫትና አትክልት ለማጠጣት በሞተር ይስባል፤ ከተማው ለመጠጥ ይስባል፤ ከኮረብታው የተጠረገው ደለል ከታች ይሞላል። ይህ ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ተማሪዎች መስኮት ከፍተው የሚያዩትን ነገር ነበር የሚለኩት።

ታዲያ ምን ጎደለ? እኔ እንደሚገባኝ የጎደለው የሚወስን አካል ነው። ሐይቁ የሚገኘው በአንድ ክልል ነው፤ ውሃውን የሚጠጣው ከተማ በሌላ ክልል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ ለፌዴራል ነው፤ ፓምፑ የገበሬው ነው፤ ጫቱ የሚሸጠው አወዳይ ሆኖ ግብሩ የሚሰበሰበው በሌላ ኬላ ነው። ጥናቱ «ፓምፖች ይገደቡ» ቢል ደብዳቤው የሚጻፈው ለማን ነው? የከዚራው፣ እርስዎ ጥናት ከውሳኔ በኋላ ይታዘዛል አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥናቱ ከውሳኔ በፊት ነበረ፤ ወሳኙ ግን አልነበረም። የኋላ ኋላ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ ከጉድጓድ ተስቦ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። በዚያ ዘመን እናቴ ቢጫ ጄሪካኖቿን በቀለም ምልክት አድርጋ ለሊት ወረፋ ታስይዝ ነበር፤ ምልክቱ ሦስት ቀይ ነጥብ ነው፣ እስከ ዛሬ ከአንዱ ላይ አልለቀቀም።

ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደገና ውሃ መያዝ መጀመሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ምን ያህሉ ከዝናብ፣ ምን ያህሉ ከተፋሰስ ሥራ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከተማው ከእሱ መሳብ በማቆሙ እንደመጣ ሳይለይ ሁሉም ድሉን ለራሱ ሲወስድ አያለሁ። ነገ ደግሞ መሳብ ቢጀመር ምን ያህል ይበቃል የሚለውን የምንወስነው በምን ላይ ተመሥርተን ነው?

የጤና ባለሙያ ከመጋላ

የከዚራው «ጥናት ተነብቦ ውሳኔ ሲለወጥ ያያችሁ» ስላለ እኔ አንድ አለኝ፤ እዚሁ በከተማችን የሆነ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ይቅርታ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓመት በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። ከጥር እስከ ግንቦት 2022 ባሉት አምስት ወራት ብቻ ግን ከ2,400 በላይ ሆነ። ወቅቱ ደረቅ ነው። ወባ ደግሞ እኛ በተማርነው መሠረት ዝናብን ተከትላ የምትመጣ የገጠር በሽታ ናት። ብዙዎቹ ታማሚዎች የከተማ ልጆች ነበሩ፤ ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የመጡም ነበሩበት። ይህን ለማጣራት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከዚህ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ታማሚ የተገኘበትን ቤትና ታማሚ ያልተገኘበትን ቤት እያነጻጸሩ አጠኑ። በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የትንኝ እጭ ፈለጉ፣ ትንኟን በቤት ውስጥ ያዙ። ያገኟት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለውን፣ መነሻዋ ደቡብ እስያና የዐረብ ልሳነ ምድር የሆነችውን፣ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውሃ የምትራባውን ትንኝ ነው። ጥናቱ በ2023 በኔቸር ሜዲስን መጽሔት ታተመ። ይህች ትንኝ የወባ ወረርሽኝ ማስነሣቷን በአፍሪካ ምድር ካሳዩት ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላሳይ። አንደኛው፣ ጥናቱ ሥራ ላይ የዋለው ጠያቂው በሩ ላይ ስለነበረ ነው። ጤና ጣቢያው በየሳምንቱ ሪፖርት ስለሚልክ ቁጥሩ ሲዘል ወዲያው ታየ፤ ጤና ቢሮው ምን ልርጭ፣ የት ልርጭ የሚል የዕለት ጥያቄ ነበረበት፤ ተመራማሪው ደግሞ መልሱን ሳያሳትም በፊት አካፈለ። እኛም ከዚያ በኋላ በየቤቱ ስንሄድ የረግረግ ውሃ ፍለጋ ትተን የበርሜል ክዳን ማየት ጀመርን። በመጋላ አንድ ግቢ ውስጥ ዐሥራ አንድ በርሜል ቆጥሬ ክዳን ያለው ሁለት ብቻ ነበር። የግቢውን ባለቤት ለምን አትከድኛቸውም ስላት «ውሃው በሳምንት አንዴ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ቱቦውን ውስጡ ጥዬ እተኛለሁ» አለችኝ። የትንኟ ጉዳይ የውሃ ሥርጭት ጉዳይ ነው ማለት ነው፤ የከዚራው ካቢኔ ውስጥ የተቆለፈው ጥራዝ ለእኛም ያስፈልገን ነበር።

ሁለተኛውን ስጽፍ ይከፋኛል። ይህች ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት የ27 ሰዎች ወባ የተመዘገበባት ጅቡቲ በ2020 ከ73,000 በላይ መዘገበች። በእኛ አገር ደግሞ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ከጅቡቲ ጋር በሐዲድም በአስፋልትም የተያያዘች፣ ውሃ በበርሜል የምታጠራቅም ከተማ ቀጣይዋ መሆኗን ለመገመት ጥናት እንኳ አያስፈልግም ነበር። በዚያ ላይ በ2019 የችኩንጉኒያ ወረርሽኝ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የከተማችንን ሰው አልጋ ላይ ጥሏል፤ የምታስተላልፈው ትንኝ ሌላ ብትሆንም የምትራባበት በርሜል ያው ነው። ስለዚህ የተሳካውም ምሳሌዬ የተሳካው ከረፈደ በኋላ ነው።

ቁጥር ቆጣሪ

በሙያዬ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ስለሆንኩ ሁላችሁም በጎን ያለፋችሁትን ነገር ላንሣ፤ ለመሆኑ ድሬዳዋ ውስጥ ስንት ሰው አለ?

በእጃችን ያለው የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ 341,834፣ ሐረሪ 183,415 ሕዝብ ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ንኡስ አንቀጽ 5 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ቀደም ሲል በ1976 እና በ1987 ተካሂዷል። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ፣ ታብሌቶችም ተገዝተው፣ በጸጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ተራዘመ። በሦስተኛው ቆጠራ ወቅት የተወለደ ልጅ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዷል። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት ቁጥር ሁሉ ከ1999 ተነሥቶ የተገመተ ነው። ከገጠር የመጣው ተፈናቃይ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያመጣው ወጣት፣ ሐዲዱን ተከትሎ የሄደው ሁሉ በግምቱ ውስጥ በትክክል አይታይም። በዚህ ግምት ላይ ደግሞ የናሙና ማእቀፍ ይሠራል፣ የክትባት ሽፋን ይሰላል፣ የበጀት ድጎማ ይታሰባል። መቶኛው ከ100 በላይ የሚወጣበት የክትባት ሪፖርት ያያችሁ ካላችሁ፣ ባለሙያው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት አካፋዩ፣ ማለትም የተገመተው የሕዝብ ቁጥር፣ ነው የተሳሳተው።

የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናቶችም ቢሆኑ ያው ናቸው። በ2003 ዓ.ም. 29.6 በመቶ የነበረው የሀገሪቱ የድህነት መጠን በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወረደ ሲባል ለሀገር አቀፉ ቁጥር በቂ ናሙና አለ። በዚያው ጥናት ሐረሪ 7.1 በመቶ፣ ድሬዳዋ 15.4 በመቶ ተብለዋል። የእኛን የመሰለ ትንሽ ክልል የሚይዘው ናሙና ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው የታየው ልዩነት ለውጥ ይሁን የናሙና መዋዠቅ ለመለየት ያስቸግራል። የሚገርመው ደግሞ የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደውን የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ዝርዝር መረጃ ከባንኩ ድረ ገጽ በአንድ ምሽት ማውረድ መቻሌ ነው፤ ከዚሁ ከተማ ቢሮ አንድ ሠንጠረዥ ለማግኘት ግን አራት ቀን ያመላልሳል። እሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናታችን ሲደገፍበት የኖረው የአሜሪካ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በአንድ ውሳኔ ሲቋረጥ፣ የራሳችንን ልጆች ቁመትና ክብደት የምናውቀው በማን ገንዘብ እንደነበር ግልጽ ሆነ።

የለገሃሬ ተወላጅን አንድ ነገር ልጠይቅ። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረር ከዐሥራ አንዱ ከተሞች ውስጥ ነበሩ። ዓለም የሚጠቅሰው፣ ወረዳዎች በዕጣ እየተለዩ የተሠራው ጥናት ግን በአዲስ አበባ ላይ ነው። ጥናቱ ጥሩ ነው፤ እኔም አስተምርበታለሁ። የአዲስ አበባ የሥራ ገበያ የድሬዳዋ ሥራ ገበያ ነው የሚለውን ግን ማን ፈተሸው?

የለገሃሬ ተወላጅ

እኔ የማውቀው ሰው አልፈተሸውም። ዕጣው የተቻለው አዲስ አበባ ብዙ ወረዳ ስላላት ነው፤ ዘጠኝ የከተማ ቀበሌ ይዘው ዕጣ ቢያወጡ ከዕድል በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ይህ ግን ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ይገባኛል። ተመራማሪውም፣ ገንዘብ ሰጪውም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ያለው አዲስ አበባ ነው።

ሸዋ በር

አውሮፕላን ማረፊያ ድሬም አላት እኮ።

የከዚራው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሸዋ በር ጽሑፍ የመጀመሪያ አቋሜን እንዳስተካክል አድርጎኛል፤ «ለተወሰነው ነገር አባሪ» ያልኩት ለቢሮዎች ጥናት እንጂ ለሁሉም አይሠራም። የጤና ባለሙያዋ እንዳሳየችን ደግሞ ነገሩ የሚሠራው ጥያቄው የዕለት ሥራ ለሆነበት ሰው ሲቀርብ ነው። አንድ የምጨምረው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደበትን ነው። ከዚያ በኋላ የወንዙ ዳር ግንብ ተሠራ፣ ጥናትም ተጠና። እኔ ግን አሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር ጠዋት ጠዋት በደቻቱ ድልድይ ሳልፍ የማየው፣ በደረቁ አሸዋ ላይ ገበያ መዘርጋቱን ነው። ነጋዴዎቹን ምንም ስላላወቁ ነው ብዬ አልወቅሳቸውም። ሌላ ቦታ ስላልተሰጣቸው ነው፣ እሱም በአንዱ ጥራዝ ውስጥ ይኖራል።

ካቢኔውን በተመለከተ ግን ማማረሩን ትቼ ሕጉን ልሞክር ወስኛለሁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ካልሰጠ አቤቱታው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። የድጋፍ ደብዳቤ ሳልይዝ፣ እንደ አንድ ነዋሪ፣ የጥናቱን ርእስና ዓመት ጠቅሼ ጥያቄዬን ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገባለሁ። የሚሆነውን እዚሁ እጽፋለሁ።

ታይዋን ተራ

የገቢ ቁጥር ማስመታትዎን አይርሱ። ያለ እሱ «አልደረሰንም» ይሉዎታል።

የከዚራው (ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ)

ቃል በገባሁት መሠረት ላሳውቅ። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ በትሕትና «ጥናቱን ምን ሊያደርጉበት ነው?» አሉኝ። ሕጉ ምክንያት እንድገልጽ እንደማያስገድደኝ ላስረዳ ጀምሬ ተውኩትና፣ የበርሜሉንና የትንኟን ነገር ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ «እኛም ቤት በርሜል አለ» አሉ። ትናንት ካቢኔው በመቆለፊያ ሠራተኛ ተከፈተ። ጥራዙን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ይዣለሁ፤ 84 ገጽ ነው፣ ገጽ 61 እና 62 ጠፍተዋል። በገጽ 40 ላይ ሰው በየሰፈሩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያገኝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። የጤና ባለሙያዋ የበርሜል ቆጠራዋን ካላት ጎን ለጎን ልናስቀምጠው እንችላለን።

የጤና ባለሙያ ከመጋላ

አለኝ። በደብተር ነው፣ የተጻፈው በሰፈር ሳይሆን በቤት ቁጥር ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ስጠኝ። የታይዋን ተራውም ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከዚራ ከጥላው ሥር እንገናኝ።